ተርኪዎቹን ያገኘኋቸው እኔ ነኝ

የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። ተርኪ የሚሏቸው የጫካ ዶሮዎች የሚያድሩበትን ዛፍ ያገኘሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ የልጄ ባል ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ «እኔ ነኝ ያገኘኋቸው» ብሎ አወራ። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልጽፍም ነበር። ጨምሮም በሁዳዴ ጾም መካከል እልል ያልኩት ለእሱ ደስታ እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። የመጀመሪያው ውሸት ሥራዬን ወሰደብኝ፣ ሁለተኛው ስሜን አጠፋው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ግን የቱ ነገር ከየቱ እንደቀደመ ለማወቅ አራተኛ ክፍልም ይበዛል።

አማቼ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን ትጋት ያስፈልጋል። ፓሳዴና አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውልና ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የአደን ቪዲዮ ያያል። አደኑን ያስለመደው አንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛው ነው። ከሁለቱ ጠመንጃም ልምድም ያለው እሱ ነው። የጓደኛው ችግር ሌላ ነው፣ አፉ አይዘጋም። ጠዋት የሰማውን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ኤርፖርት ተራ የያዘ ሾፌር በሙሉ ያውቀዋል። እሱ ሰማ ማለት ፌርፋክስ ሰማ ማለት ነው።

ድርቁ በበረታበት በዚያ ዓመት ሁለቱ ተርኪ ለማደን ተማከሩ። የአደኑ ወቅት የሚከፈተው በሁዳዴ ስለሆነ፣ የሚተኩሱት ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ። ቁም ነገሩ ግን ተኩሱ አይደለም። ተርኪ ከሰው የተሻለ ያያል፤ አስቀድሞ የሚያድርበትን ዛፍ ያላወቀ አዳኝ ጫካ ለጫካ ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። አማቼ ይህን ፍለጋ «ስካውት ማድረግ» ይለዋል። ሁለት ቅዳሜ ስካውት ላደርግ ነው ብሎ ወጣ፣ ሁለቱንም ቅዳሜ ጫማው ላይ አቧራ ይዞ ገባ።

«ድርቁ ነው እማማ፣ ወፎቹ ጠፍተዋል» አለኝ።

ቦታው ከከተማው በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ የመንግሥት ደን ነው። «የሕዝብ መሬት ነው፣ ማንም ገብቶ ማደን ይችላል» ሲል እንደ ትልቅ ነገር ነው የነገረኝ። የሕዝብ የተባለ ነገር አውቃለሁ። በእኛ ዘመን ሁሉም ነገር የሕዝብ ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በር ላይ ወረፋ ይዞ ነበር። ይህኛው እንኳን በር የለውም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጓደኛው ሥራ ስለነበረው አማቼ ብቻውን ሊሄድ ተነሣ። ልጄ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ አታርፍም። «እማዬ፣ እባክሽ አብረሽው ሂጂ። አንቺ ካለሽ ሃይዌይ ላይ አይበርም» አለችኝ። እንግዲህ እኔ ለአደን አልሄድኩም፣ እንደ ፍሬን ሆኜ ነው የሄድኩት።

ገና ሳይነጋ ስንወጣ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ቅጠል የታተመበት ልብስ ለብሷል። ሽቶውን ግን አልተወም። ከአሪቲ በቀር እንደዚያ የሚሸት ቅጠል አላውቅም።

«እማማ፣ ነጠላዎን ቢያወልቁት? ነጭ ነገር ያስበረግጋቸዋል።»

«አንተ ሽቶህን ስታወልቅ እኔም አወልቃለሁ» አልኩት። ማርሹን ድራይቭ ላይ አስገባ።

አንገቱ ላይ ከእንጨት የተሠራ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ሲነፋ እንደ ጉጉት ይጮኻል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወንዱ ተርኪ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሳያስበው መልሶ ይጮኻል፣ ያን ጊዜ ያለበት ይታወቃል። ይህንን ከቪዲዮ ተምሮ ነው ፊሽካውን ያስመጣው። እኔ ባደግሁበት አገር ጉጉት ጣሪያ ላይ ስትጮህ ሰው ያማትባል። ይህ ሰው ግን በጾም ጉጉት ለመሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል።

ስንደርስ ሰማዩ ነጣ ብሏል። የመኪናውን በር ድው አድርጎ ዘጋና ስልኩ ላይ ካርታ እያየ ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ።

«ለምን ወደ ላይ?» አልኩት።

«ከላይ ሆኖ ሁሉም ነገር ይሰማል።»

እሱም ለሁሉም ይታያል። ይህን አልነገርኩትም፤ ካርታው ይንገረው።

እኔ ልጅ ሆኜ ማሽላ ላይ ጅግራ እያባረርኩ ነው ያደግሁት። ጅግራ የት እንደሚያድር እንዳውቅ ማንም ፊሽካ አልሰጠኝም። ወፍ የሚፈልገው የሚጭረው አፈር፣ የሚጠጣው ውሃና የሚሰፍርበት ዛፍ ነው። በድርቅ ዓመት እነዚህ የሚገኙት ታች ነው። ስለዚህ ከዘራዬን ይዤ፣ የደረቀውን ጅረት ተከትዬ ወረድኩ። ከላይ የፊሽካው ድምፅ ይመጣል። ሁ ሁ ይላል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ሁ ሁ ይላል። የሚመልስለት የለም።

ብዙም ሳልሄድ አንድ ዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል ተገልብጦ አየሁ። የነፋስ ሥራ አይደለም፤ ነፋስ ቅጠል ያከማቻል እንጂ አፈሩን አይጭርም። ከተጫረው አፈር ላይ የሦስት ጣት ዱካ አለ፣ ከመዳፌ የሚሰፋ። አለፍ ብዬ ኩሱን አገኘሁ። አንዳንዱ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው፣ ሌላው ተጠቅልሎ የተቀመጠ። መንጠቆው የወንዱ እንደሆነ የነገረኝ ኋላ ጓደኛው ነው፤ ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ለማየት ዓይን ይበቃል። ነጭ ቅርፊት ያለው አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ስደርስ ኩሱ ተከምሯል፣ የክንፍ ላባም ወድቋል። ቀን የሚዞር ወፍ ኩሱን በየቦታው ይበትናል። ኩስ አንድ ቦታ የሚከመረው ወፍ ከላይ ሲያድር ነው። ዛፉ ይህ ነው አልኩ፣ አለቀ።

ከዛፉ አለፍ ብሎ ዓለት አለ። ከዓለቱ ሥር ውሃ ይወጣል። እንደ ጣቴ የቀጠነ ነው፣ ግን ይፈስሳል። ያን ዓመት የአፓርታማችን ባለቤት በረንዳ ላይ አበባ እንዳናጠጣ በጽሑፍ ከልክሎን ነበር። በመንገዱ ሁሉ ያየሁት የተቃጠለ ሣርና የደረቀ ወንዝ ነው። ከዓለት ውስጥ ውሃ ሲወጣ ሳይ አፌ እኔን ሳያማክር እልል አለ።

ወዲያው ከሸለቆው ማዶ መልስ መጣ። አንገቱ የጠበበ ቅል ሲገለበጥ ውሃው ተጣድፎ የሚወጣበትን ድምፅ ይመስላል፣ ግን እጅግ የጎላ። አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። አማቼ የሚስቅብኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። አማቼ ግን ጉብታው ላይ ፊሽካው ከአፉ ወርዶ ደርቆ ቆሟል።

ለማረጋገጥ እንደገና እልል አልኩ። እንደገና መለሱ።

የመጀመሪያው እልልታ አምልጦኝ ነው። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው ያልኩት፣ አልሸሽገውም። በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፣ እልልታም የለም። ልጅ እያለሁ ጀምሮ የማውቀውን ሥርዓት ለተርኪ ብዬ ጣስኩ።

አማቼ እየተንሸራተተ ወረደ። «ሰሙ እማማ? ፊሽካው ሠራ!»

«ፊሽካህን ከነፋህ ስንት ደቂቃ ሆነህ?»

«ዘግይተው ነው የመለሱት። ያስባሉ እኮ።»

ተርኪ እንደሚያስብ ያን ቀን ተማርኩ። ከሁለታቸው አንዱ ማሰቡ ጥሩ ነው።

በከዘራዬ ዛፉን አሳየሁት፣ ኩሱን አሳየሁት፣ ውሃውን አሳየሁት። ሁሉንም በስልኩ ፎቶ አነሳ። በመጨረሻ ዛፉ ሥር ቆሞ ራሱን አነሳ። ወደ ቤት ስንመለስ ለጓደኛው ደውሎ «ሎኬት አደረግኋቸው፣ አገኘኋቸው!» ሲል ጎኑ ተቀምጫለሁ።

ስልኩን ሲዘጋ «ማን ነው ያገኛቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እማማ ደግሞ። ምን ልዩነት አለው? አንድ ቤተሰብ አይደለን?»

ያገኘሁት እኔ ስሆን አንድ ቤተሰብ ነን። ያገኘው እሱ ሲሆን ግን እሱ ብቻውን ነው። የዚህን ሒሳብ አሠራር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ከልጄ ጋር ፌርፋክስ ምግብ ቤት ገባን። አማቼ ቀድሞን ደርሶ ከጓደኛውና ከሌሎች ሾፌሮች ጋር የጾም በያይነቱ ከበው ተቀምጠዋል። ጓደኛው ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ይምጡ ይምጡ! አማችዎ ጀግና ሆነልዎት!»

አማቼ ወደ እኔ ሳያይ ወሬውን ቀጠለ። «ሶ፣ ፊሽካዬን አንዴ ነፋሁ። ዝም። ሁለተኛ ስነፋ ሦስት ወንድ በአንዴ መለሰልኝ! እማማም ከደስታ ብዛት እልል አሉ!»

«በሁዳዴ?» አለ አንዱ ሾፌር፣ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ።

«እማማን ማን ይከለክላቸዋል?» አለ አማቼ። ሳቁ።

እንደቆምኩ «ማን ነው ያገኛቸው?» አልኩ።

«እማማ ትልቅ ሳፖርት አድርገውልኛል» አለ። «ሽሮ ፍትፍት ይዘውልኝ መጥተው ነበር።»

ይህን ጊዜ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ጓደኛውም ሳቀ። ልጄ የነጠላዬን ጫፍ ትጎትታለች። ምግቡን ሳልነካ ወጣሁ። ሽሮውን ይዤለት መሄዴ እውነት ነው፣ የበላው ግን እሱ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «በጾም እልል አሉ የሚባለው እርስዎ ነዎት? ለአማችዎ?» አለችኝ።

«ለአማቼ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ውሃ አይቼ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለተርኪ ነው።»

ፊቷን አየሁት። ውሸቱን ነው የመረጠችው፤ አልፈርድባትም። ለአማቿ እልል ያለች አሮጊት የታወቀች ነገር ናት። ለተርኪ እልል ያለች ግን ጤንነቷ ያጠራጥራል። አማቼ ያደረገኝ ይህን ነው፤ እውነቱን ስናገር ከውሸቱ የባሰ ሞኝ እንድመስል አደረገኝ።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸው ነበር።

«የመጀመሪያው አምልጦሽ ነው፣ ይሁን» አሉ። «ሁለተኛውስ?»

«ለማረጋገጥ ነው፣ አባቴ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቢስቁም አልቀየማቸውም፣ ቢያንስ አመኑኝ። አርባ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ ምን ዓይነት ጉልበት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቅዳሜና እሑድን እየተውኩ፣ በቀን አምስት እያደረግሁ በስምንት ቀን ጨረስኩት። እኔ መኝታ ቤት ስወድቅና ስነሣ፣ አማቼ ሳሎን ሆኖ ተርኪ በቪዲዮ ሲጮህ ይሰማል። መፈለጉ የእኔ፣ ኃጢአቱ የእኔ፣ ስግደቱ የእኔ ነው። ወሬው ብቻ የእሱ።

አርባኛውን ስጨርስ ግድግዳ ይዤ ሳሎን ወጣሁ። «ለጓደኛህ ደውልና እውነቱን ንገረው። ማን ነው ያገኛቸው?»

«እማማ፣ አሁን ወሬውን ብለውጥ ውሸታም እመስላለሁ።»

መምሰሉ ነው ያስጨነቀው።

ፋሲካ አለፈ። የአደኑ ቅዳሜ ሊሆን ሲል ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ መኪናው ሲመጡ እኔ ጋቢዬን ደርቤ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ አዳራችን ድንኳን ውስጥ ነው» አለ አማቼ።

«እኔ ከአንተ ይልቅ ብዙ ቦታ አድሬያለሁ። ንዳ።»

ጓደኛው ከኋላ ገባና ሳቀ። «ኦኬ እትዬ፣ ሽሮውን ይዘዋል?»

ቀኑ ገና ነው አልኩ በልቤ።

ተርኪ ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፍ ላይ ይወጣል። በዚያች ሰዓት የት እንደወጣ ያወቀ ሰው ጎህ ሲቀድ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። ያላወቀ ቀረበት። ጓደኛው ከሥራ ያገኘው ፈቃድ ያችን አንዲት ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ አመሻሽ ላይ ነበር።

ደርሰን አማቼ በካርታው እየመራ ወደ እኔ ዛፍ ወሰደን። «ይኸውልህ» አለ ለጓደኛው፣ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው። እኔ መሬቱን አየሁ። ኩሱ ደርቆ በጫማ ሲነኩት ይፈርሳል። አዲስ ላባ የለም። ውሃው አለ፣ ከውሃው አጠገብ ግን የጎማ ምልክትና የቢራ ጣሳ አለ። የሕዝብ መሬት ስለሆነ ሕዝብ መጥቶ ነበር። ወፎቹ ዛፍ ለውጠዋል።

ሦስታችንም ይህን ለማወቅ እኩል ዓይን ነበረን። አማቼ ግን ፊሽካውን አነሣ።

ነፋ። ዝም። ዞር ብሎ ነፋ። ዝም። ጉብታው ላይ ወጥቶ ነፋ፣ ወርዶ ነፋ። ጉንጩ ተነፋ፣ አንገቱ ላይ ሥር ቆመ። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ትንሽ ቀርቷታል። በመጨረሻ ከሩቅ አንድ ድምፅ መለሰለት። ሁ ሁ አለ። እውነተኛ ጉጉት ነበረች።

«አንተ፣ ወደደችህ መሰለኝ» አለ ጓደኛው። «ተርኪው ይቅርና እሷን እንውሰዳት?»

«ቆይ እስቲ፣ ባለፈው እኮ በዚህ ነው የመለሱልኝ።»

«ባለፈው ያየሃቸው ጫካ ውስጥ ነው ወይስ ቪዲዮ ላይ?»

እነዚህ ወፎች በየምሽቱ ጉጉት ሲሰሙ ነው የሚያድሩት። የለመዱትን ድምፅ ለምን ብለው ይመልሱለታል? ይህንን ለማሰብ ቪዲዮ አያስፈልግም።

ጓደኛው ወደ እኔ ዞረ። ቀልዱን ትቶት ነበር። «እትዬ፣ ፀሐይ መግባቷ ነው። እልል ያልኩት ለተርኪ ነው ብለዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እስቲ እርስዎ እንደዚያ ቀን እልል ይበሉልን። አሁን ጾም የለም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩ። «እኔ ሽሮ ነው የምይዘው።»

ጓደኛው አማቼን አየው። አማቼ ፊሽካውን አየው።

ዓለቱ ላይ ተቀመጥኩና ከዘራዬን ጉልበቴ ላይ አጋደምኩ። «አንድ ጥያቄ ጠይቄህ ነበር» አልኩት። «መኪና ውስጥ ጠየቅሁህ፣ ምግብ ቤት ጠየቅሁህ፣ ቤት ጠየቅሁህ። ማን ነው ያገኛቸው?»

«እማማ፣ አሁን ጊዜው ነው?»

«ጊዜ ያለህ አንተ ነህ። እኔ አላድንም።»

«እሺ፣ አብረን ነው ያገኘናቸው።»

«አብረን አልነበርንም። አንተ ላይ ነበርክ፣ እኔ ታች ነበርኩ።»

«አንተ፣ ምን ሆነሃል፣ መልስላቸው እንጂ!» አለ ጓደኛው። «እየጨለመ ነው።»

«መጀመሪያ ፊሽካ ነፍቼ ነበር…» ብሎ ጀመረ።

«እልል ያልኩት ከመለሱ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

የፊሽካውን ገመድ ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«በኋላ ነው በፊት? ለአንተ ነው የሰገድኩት አርባውን ስግደት?»

ያን ጊዜ ፈነዳ። ፊሽካውን ከአንገቱ በጥሶ መሬት ላይ ጣለና እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ። «በፊት ነው! በፊት! እልል ያሉት በፊት ነው፣ እነሱ የመለሱት በኋላ ነው! ዛፉንም ኩሱንም ያዩት እርስዎ ነዎት! በቃ? በቃ?»

«በቃ» የምትለው ቃል ገና ከገደሉ ሳትመለስ፣ ከጅረቱ በላይ ካሉት ዛፎች ውስጥ ያ የተገለበጠ ቅል ድምፅ ወጣ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሆነ። ቅርንጫፉ ላይ የከበደ ክንፍ ሲማታ ተሰማ።

ጓደኛው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አማቼ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀስ በቀስ ፊቱ መብራት ጀመረ፤ ያን ፊት ምግብ ቤቱ ውስጥ አይቼዋለሁ።

«ሰማችሁ? በእኔ ድምፅ…»

ጣቴን አነሳሁ። «ማን ነው ያገኛቸው?»

ጓደኛው፣ ያ አፉ የማይዘጋው ሰው፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አማቼ ጎንበስ ብሎ ፊሽካውን ከመሬት አነሣ፣ አፈሩን ጠረገ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አለኝ፣ ወፍ በማይሰማው ድምፅ።